ለአክቲቭ ስፒከር የሚሆን ፕሮሰሰር፦ ድራይቭራክ ፒኤ2 እና ተፎካካሪዎቹ በባሕር ዳር ሥራ ላይ

ባሕር ዳር ውስጥ ለሠርግ፣ ለጉባኤና ለስብሰባ ሳውንድ ሲስተም የምናከራይ ሰዎች ዕቃችንን ከፓሲቭ (አምፕሊፋየሩ ከውጭ ካለ) ወደ አክቲቭ (አምፕሊፋየሩ ሣጥኑ ውስጥ ወዳለ) ስፒከር እየቀየርን ነው። ከዚያ በኋላ የሚነሣው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ አምፕሊፋየሩ ሣጥኑ ውስጥ ከገባ ፕሮሰሰር፣ ማለትም በሚክሰሩና በስፒከሩ መካከል ገብቶ ድምፁን የሚያስተካክል መሣሪያ፣ ለምን ያስፈልጋል፣ ካስፈለገስ የትኛው ይሻላል? በዚህ ጽሑፍ በዋናነት የዲቢኤክስን ድራይቭራክ ፒኤ2 እገመግማለሁ፤ ከጎኑም የቤሪንገርን ዲሲኤክስ2496፣ የዚያው የዲቢኤክስን ቬኑ360 እና በዲጂታል ሚክሰር ውስጥ የሚገኘውን ፕሮሰሰር አያለሁ። ፍርዴን ከወዲሁ ለመናገር፣ ለአክቲቭ ሲስተም ፕሮሰሰር ሲመረጥ በቅድሚያ መታየት ያለበት እያንዳንዳቸው ለብቻቸው የሚስተካከሉት መውጫዎች ብዛትና በእያንዳንዱ መውጫ ላይ ያለው የዲሌይ (ድምፁን ሆን ብሎ የማዘግየት) ርዝመት ነው። ሻጮች አስቀድመው የሚያሳዩዋቸው ሌሎች ነገሮች፣ ጥሩ ቢሆኑም፣ ከዚህ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

አክቲቭ ስፒከር ሲገዛ ከአምፕሊፋየሩ ጋር አብሮ የሚገዛ ነገር አለ። በዎፈሩና በሆርኑ፣ ማለትም በወፍራሙና በቀጭኑ ድምፅ አውጪ፣ መካከል ድምፁን የሚከፍለው ክሮስኦቨር፣ ዎፈሩ ከልኩ በላይ እንዳይወጣና የሆርኑ ድራይቨር እንዳይቃጠል የሚጠብቀው ሊሚተር፣ እንዲሁም የሁለቱን ድምፅ በአንድ ጊዜ የሚያደርሰው ማስተካከያ ሁሉም በፋብሪካ ተለክተውና ሣጥኑ ውስጥ ባለው ቺፕ ላይ ተጭነው ይመጣሉ። የለኩት መሐንዲሶች የድራይቨሩን የሙቀት ወሰንና የእንቅስቃሴ ልክ ያውቃሉ፤ እኛ ከመድረክ ጎን ቆመን በጆሮ የምንገምተው ከዚያ ሊበልጥ አይችልም። በመሆኑም በፓሲቭ ስፒከር ላይ ዋናው ጠባቂ የነበረው የውጭ ፕሮሰሰር ሊሚተር ለአክቲቭ ስፒከር ሁለተኛ ደረጃ ነገር ሆኗል፤ ቢበዛ ዲጄው ከልክ ሲያልፍ የአጠቃላዩን ድምፅ ጣሪያ ለመወሰን ያገለግላል። በአንዳንድ ፕሮሰሰሮች ውስጥ ለታወቁ የፓሲቭ ስፒከር ሞዴሎች ተዘጋጅተው የተቀመጡት ማስተካከያዎችም ለአክቲቭ ስፒከር አይሆኑም፤ ስማቸው ቢመሳሰል እንኳ መጫን የለባቸውም፤ ምክንያቱም ፋብሪካው አንድ ጊዜ ያረመውን ድምፅ እንደገና ማረም ይሆናል።

ሣጥኑ የማያውቀው የቆመበትን ቦታና ከጎኑ የቆመውን ሌላ ሣጥን ነው። የፕሮሰሰር ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ለምሳሌ አንድ የተለመደ የሠርግ ሲስተም እንውሰድ፦ ሁለት ሳብዉፈር መሬት ላይ፣ ሁለት ባለ 12 ወይም ባለ 15 ኢንች አክቲቭ ስፒከር ደግሞ በማቆሚያ ላይ። ክሮስኦቨሩ 100 ኸርዝ ላይ ተቀምጧል እንበል። በ100 ኸርዝ አንድ ሙሉ ዙር 10 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል፤ ስለዚህ ሳብዉፈሩ ከላይኛው ስፒከር 5 ሚሊ ሰከንድ ዘግይቶ ከደረሰ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፣ በዚያ ድግግሞሽ አካባቢም ሁለቱ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። አምስት ሚሊ ሰከንድ በርቀት ሲተመን ወደ አንድ ሜትር ከሰባ ሳንቲ ሜትር ነው፤ ሳብዉፈሩ መድረክ ሥር ተገፍቶ ሲቀመጥ ይህ ርቀት በቀላሉ ይፈጠራል። ከዚያም በላይ የእያንዳንዱ አክቲቭ ሣጥን ቺፕ ለራሱ ሥራ የሚወስደው ጊዜ አለ፤ ይህ ጊዜ ከብራንድ ብራንድ፣ በአንድ ብራንድ ውስጥም ከሞዴል ሞዴል ይለያያል። የአንዱን ኩባንያ ሳብዉፈር ከሌላው ስፒከር ጋር አጣምሮ የሚሠራ ሰው፣ ሣጥኖቹን ጎን ለጎን አቁሞም ቢሆን፣ ድምፃቸው በአንድ ጊዜ ይደርሳል ብሎ ማሰብ አይችልም። ውጤቱ በከበሮ ላይ ወዲያውኑ ይታወቃል፦ የቆዳው ጥፊ ይሰማል፣ ደረት ላይ የሚያርፈው ግን የለም። ባለሙያው ይህን ለመሙላት የሳብዉፈሩን ድምፅ ይጨምራል፣ ያኔ ደግሞ 50 ኸርዝ አካባቢ ያለው ያለ ልክ ያብጥና የተናጋሪውን ድምፅ ይውጣል።

መፍትሔው ዲሌይ ነው፤ አሠራሩም ሰዎች እንደሚፈሩት ከባድ አይደለም። የመለኪያ ማይክ አዳራሹ መካከል ይቆማል፣ ከፕሮሰሰሩ ወይም ከስልክ የክሮስኦቨሩ ድግግሞሽ የሆነ ቶን ወይም ፒንክ ኖይዝ (ሁሉንም ድግግሞሽ የያዘ የመለኪያ ድምፅ) ይለቀቃል፣ ሳብዉፈሩና አንዱ የላይኛው ስፒከር ለየብቻ ሲሰሙ በማይኩ ላይ እኩል እንዲነበቡ ይደረጋል። ከዚያ የሳብዉፈሩ ፖላሪቲ (የመግፋትና የመሳብ አቅጣጫው) ይገለበጥና ቀድሞ የሚደርሰው ሣጥን ዲሌይ በግማሽ ሚሊ ሰከንድ በግማሽ ሚሊ ሰከንድ እየተጨመረ ድምፁ እጅግ የሚወርድበት ነጥብ ይፈለጋል። ነጥቡ ሲገኝ ለውጡ በጆሮም ይታወቃል፤ አዳራሹን ሞልቶ የነበረው ጉርምርምታ በድንገት ይጎድላል። ፖላሪቲው ወደነበረበት ሲመለስ ሁለቱ ሣጥኖች በትክክል ተደማምረው ይወጣሉ። አብዛኛውን ጊዜ ዲሌይ የሚጨመረው ለላይኛው ስፒከር ነው፤ የሳብዉፈሩ ድምፅ ከራሱ ማጣሪያ የተነሣ የሚዘገይ ስለሆነ፣ እሱን ማፍጠን ስለማይቻል ሌላው እንዲጠብቀው ይደረጋል። ይህን ሥራ ለመሥራት ከማይኩ ሌላ የሚያስፈልገው ላፕቶፕና በነጻ የሚገኝ እንደ ሩም ኢኪው ዊዛርድ ወይም ኦፕን ሳውንድ ሚተር ያለ ፕሮግራም ብቻ ነው።

አንድ ጥንቃቄ እዚህ ላይ መጨመር አለበት። ብዙ አክቲቭ ስፒከሮች ከጀርባቸው የታችኛውን ድምፅ የሚቆርጥ ማብሪያ ማጥፊያ አላቸው፤ የያማሃ ዲኤክስአር ለምሳሌ 100 እና 120 ኸርዝ ላይ የሚቆርጥ አማራጭ አለው። ክሮስኦቨሩ በፕሮሰሰር ከተሠራ ይህ ማብሪያ መጥፋት አለበት፤ በስፒከሩ ከተሠራ ደግሞ በፕሮሰሰሩ ላይ ያለው መነሣት አለበት። ሁለቱም ሲበሩ ማጣሪያ በማጣሪያ ላይ ይደረብና በሳብዉፈሩና በላይኛው ስፒከር መካከል ቀዳዳ ይፈጠራል፤ ዲሌዩንም ምንም ያህል ቢያስተካክሉት ያ ቀዳዳ አይዘጋም። እኔ ክሮስኦቨሩ በፕሮሰሰሩ እንዲሆን እመርጣለሁ፤ በአንድ ቦታ ታይቶ፣ ተለክቶና በፕሪሴት (ተመልሶ በሚጠራ ማስተካከያ) ተቀምጦ ለሚቀጥለው ሥራ ዝግጁ ይሆናልና። ዓይነቱን በተመለከተ በኦክታቭ 24 ዴሲቤል የሚቆርጠው ሊንክዊትዝ-ራይሊ የተባለው ማጣሪያ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው፤ ሁለቱ ወገኖች በመገናኛው ነጥብ ላይ በየግላቸው 6 ዴሲቤል ወርደው ሲደመሩ ድምፁ ጠፍጣፋ ሆኖ ይወጣል።

ወደ ፒኤ2 ልምጣ። ባለ ሁለት መግቢያና ባለ ስድስት መውጫ፣ በራክ (በመሣሪያ መደርደሪያ ሣጥን) አንድ ክፍል የሚይዝ መሣሪያ ነው። መግቢያው ላይ ድምፁን በየድግግሞሹ የሚጨምርና የሚቀንስ 31 ባንድ ግራፊክ ኢኳላይዘር፣ የጎላውን ድምፅ የሚያለዝብ ኮምፕረሰር፣ የፊድባክ (ማይኩ የስፒከሩን ድምፅ መልሶ ሲሰማ የሚፈጠረው ጩኸት) ማጥፊያና ባስ ፈጣሪ ይዟል፤ መውጫዎቹ ላይ ደግሞ ክሮስኦቨር፣ ፓራሜትሪክ (ድግግሞሹን ተጠቃሚው የሚመርጥበት) ኢኳላይዘር፣ ሊሚተርና ዲሌይ አሉት። ከፊቱ የመለኪያ ማይክ መሰኪያ አለው፤ ማይኩ ግን ለብቻው የሚገዛ ነው። ከኋላው ባለው የኔትወርክ መሰኪያ ከዋይፋይ ራውተር ጋር ሲገናኝ በስልክ፣ በታብሌትና በኮምፒውተር ይታዘዛል።

ከሁሉ በላይ የወደድኩት ይህን የመጨረሻውን ነው። ሳውንድ ሲስተም የሚስተካከለው ራኩ ባለበት ጥግ ሳይሆን ሰው በሚቀመጥበት ቦታ ነው፤ ታብሌት ይዞ ከመጨረሻው ረድፍ እስከ ፊት እየተመላለሱ ኢኳላይዘር መንካት የሥራውን ጥራት ይለውጠዋል። ራውተሩ ኢንተርኔት አያስፈልገውም፤ ርካሽ የሆነ አሮጌ ራውተር ይበቃዋል። ነገር ግን የይለፍ ቃል ሊደረግለት የግድ ነው፤ ሠርግ ቤት ውስጥ ስልኩን የሚነካካ ሰው ብዙ ነው፣ ድምፁ በንግግር መካከል ሲለወጥም ምክንያቱን ፈልጎ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ራሱ ለክቶ ራሱ የሚያርመው ክፍል በጥንቃቄ መያዝ ያለበት ነው። ፒንክ ኖይዝ ለቅቆ በማይኩ ይሰማል፣ ከዚያም በተፈለገው ከርቭ መሠረት ማጣሪያዎችን ያስቀምጣል። ሐይቁ ዳር ባለ ክፍት ሣር ላይ፣ ግድግዳ በሌለበት፣ ውጤቱ ለመነሻ የሚሆን ነው። ግድግዳው በሴራሚክ፣ መስኮቱ በመስታወት፣ ጣሪያው በቆርቆሮ በተሠራ አዳራሽ ውስጥ ግን ማይኩ የሚሰማው የስፒከሩንና የግድግዳውን ድምፅ ቀላቅሎ ነው፤ ከግድግዳ ተመልሶ የመጣ ድምፅ በአንድ ቦታ ላይ የፈጠረውን ጉድጓድ ኢኳላይዘር ሊሞላው አይችልም፤ ሊሞላ ሲሞክር አምፕሊፋየሩን ያደክማል፣ ለሌላው ወንበር ደግሞ ድምፁን ያበላሻል። ስለዚህ ከተለካ በኋላ ወደ ላይ የተነሡትን ማጣሪያዎች አንድ በአንድ አይቶ መቀነስ፣ ወደ ታች የወረዱትን ግን መተው ጥሩ ልማድ ነው።

ፊድባክ ማጥፊያው ለስብከትና ለስብሰባ ብዙ ይረዳል። በጉባኤ ላይ ማይኩን አንዱ አፉ ሥር፣ ሌላው እምብርቱ ላይ ይዞ ይናገራል፤ ድምፅ የሚጨምረው ሰውም ጩኸቱን ሳይፈራ ለመጨመር ይችላል። ማጣሪያዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው፦ በዝግጅት ጊዜ ተይዘው የሚቆዩና በሥራ መካከል በራሳቸው የሚቀያየሩ። በሙዚቃ ጊዜ ሁለተኛዎቹ መጥፋት አለባቸው። የዋሽንት ረጅም ድምፅና የማሲንቆ የተሳበ ኖታ ለመሣሪያው ፊድባክ ይመስሉታል፤ አዝማሪው አንዱን ድምፅ ይዞ ሲቆይ መሣሪያው ያንኑ ድምፅ ይቆርጠዋል፣ ማሲንቆውም በዘፈኑ መካከል ጉንፋን እንደያዘው ሰው ታፍኖ ይቀራል። ባለሙያ ያልሆነ ሰው ጥፋቱን በተጫዋቹ ወይም በማይኩ ላይ ያሳብባል። ለአዝማሪ ምሽትና ለባህል ሙዚቃ የተለየ ፕሪሴት ማዘጋጀት፣ በእሱም ላይ ቋሚ ማጣሪያዎችን ብቻ መተው ይሻላል። ባስ ፈጣሪውን በተመለከተ፣ ለአነስተኛ አክቲቭ ሳብዉፈር አልመክረውም፤ ዘፈኑ ውስጥ የሌለውን ዝቅተኛ ድምፅ ሲጨምር የሣጥኑ ሊሚተር ቀድሞ ይነሣና አጠቃላዩ ድምፅ ይታፈናል።

የፒኤ2 ትልቁ ገደብ ያለው በመውጫዎቹ አደረጃጀት ላይ ነው። ስድስቱ መውጫዎች የተቀመጡት የላይኛ፣ የመካከለኛና የታችኛ ድምፅ የግራና የቀኝ ጥንዶች ሆነው ነው፤ ይኸውም በአንድ ቦታ የቆመን ባለ ሁለት ወይም ባለ ሦስት ክፍል ሲስተም ለመንዳት የታሰበ ነው። በመውጫዎቹ ላይ ያለው ዲሌይም ጎን ለጎን የቆሙ ሣጥኖችን ለማሰለፍ የሚበቃ አጭር ዲሌይ ነው። ሁለት ስፒከርና ሁለት ሳብዉፈር ላለው ሰው ከዚህ የሚበልጥ አያስፈልገውም፣ አራት መውጫ ተጠቅሞ ሁለቱን በትርፍነት ይተዋቸዋል። እዚህ ከተማ ግን ሥራው ብዙውን ጊዜ በዚህ አያበቃም።

በጣና ዳር ባሉ ሆቴሎች የአትክልት ቦታ የሚደረግ ሠርግ ምን እንደሚመስል የባሕር ዳር ሰው ያውቀዋል። ድንኳኑ ከዛፎቹ ጋር ተስማምቶ በርዝመት ይዘረጋል፣ ሙሽሮቹ በአንዱ ጫፍ ይቀመጣሉ፣ ዘመድ በሌላው ጫፍ። ከፊት ያሉትን ስፒከሮች አስጩኾ የኋላውን ማዳረስ ማለት የፊተኞቹን ሽማግሌዎች ማሠቃየት ነው። ስለዚህ በድንኳኑ አጋማሽ ተጨማሪ ጥንድ ስፒከር ይቆማል፤ ዲሌይ ካልተደረገለት ግን ንግግሩ ሁለት ጊዜ ይሰማል። ድምፅ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ በሰከንድ ወደ 346 ሜትር ይጓዛል። ተጨማሪዎቹ ስፒከሮች ከፊተኞቹ 25 ሜትር ርቀው ከቆሙ የሚያስፈልገው ዲሌይ 72 ሚሊ ሰከንድ ያህል ነው፤ በዚህ ላይ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሰከንድ ይጨመራል። ጀርመናዊው ሄልሙት ሃስ እ.ኤ.አ. በ1949 ባቀረበው ጥናት እንዳሳየው ጆሮ የድምፁን አቅጣጫ የሚወስነው ቀድሞ በደረሰው ነው፤ የቅርቡ ስፒከር ትንሽ ዘግይቶ ሲናገር እንግዳው ድምፁን የሚሰማው ከተናጋሪው አቅጣጫ ይሆናል፣ አጠገቡ ስፒከር መኖሩንም ይረሳዋል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ መሆኗ በዚህ ስሌት ላይ ለውጥ አያመጣም፤ የድምፅን ፍጥነት የሚለውጠው ሙቀት ነው። ጠዋት በ12 ዲግሪ የተለካው 25 ሜትር ከሰዓት በኋላ በ28 ዲግሪ የሁለት ሚሊ ሰከንድ ያህል ልዩነት ያሳያል፤ ይህም ለተጨመረው 10 ሚሊ ሰከንድ ምስጋና ይግባውና ችግር አይፈጥርም።

ለዚህ ዓይነት ሥራ ፒኤ2 አይመችም፤ ዲሲኤክስ2496 ግን ይመቻል። ዕድሜው የገፋ መሣሪያ ነው፣ በሁለተኛ እጅም ይገኛል። ሦስት መግቢያና ስድስት መውጫ አለው፤ እያንዳንዱ መውጫ ከየትኛው መግቢያ እንደሚመገብ ተጠቃሚው ይወስናል፣ ማጣሪያው፣ ሊሚተሩና ዲሌዩም ለየመውጫው ለብቻው ነው። ለቅርብ ሣጥን አጭር፣ ለሩቅ ስፒከር ረጅም ዲሌይ አለው፤ በርቀት ስለሚያስገባ ሜትር ይዞ የለካ ሰው ስሌት መሥራት አያስፈልገውም፣ የአየሩን ሙቀትም ተቀብሎ ያስተካክላል። በ24 ቢትና በ96 ኪሎ ኸርዝ የሚሠራ በመሆኑ በድምፅ ጥራት በኩል ዛሬም የሚወቀስበት ነገር የለም። የሚያስቸግረው አጠቃቀሙ ነው፦ ማያው ትንሽ ነው፣ ገጾቹ ብዙ ናቸው፣ ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኘው በአሮጌው ሲሪያል መሰኪያ ነው። ማታ በድንኳን ጥግ፣ በእጅ ባትሪ ብርሃን፣ የትኛው መውጫ ላይ እንዳለ እያረጋገጡ መሥራት ትዕግሥት ይፈልጋል። ሁሉን ነገር በቀን አዘጋጅቶ በፕሪሴት አስቀምጦ ለሚመጣ ሰው ግን በዋጋው የሚወዳደረው አላየሁም።

ቬኑ360 የሁለቱን መልካም ነገር አንድ ላይ ያመጣል። ሦስት መግቢያና ስድስት መውጫ፣ እንደ ፈለጉ የሚያያዝ፣ በኔትወርክም የሚታዘዝ ነው፤ ዋጋው ግን ከፒኤ2 በብዙ ይበልጣል። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ በመሣሪያዎቹ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት በብር ሲተመን በጣም ሰፍቷል፤ በልዩነቱ አንድ ተጨማሪ ሳብዉፈር መግዛት የሚቻልበት ጊዜ አለ። በቋሚነት የአንድ አዳራሽ፣ የአትክልት ቦታና የመግቢያ ሲስተም ለሚያስተዳድር ሆቴል ቬኑ360 ተገቢ ግዢ ነው። ዕቃ ጭኖ ለሚዞር አከራይ ግን ከእሱ በፊት ሚክሰሩን እንዲመለከት እመክራለሁ።

ምክንያቱም ዲጂታል ሚክሰር ያለው ሰው ፕሮሰሰሩን ሳያውቀው ገዝቶት ሊሆን ይችላል። የቤሪንገር ኤክስ32 ለምሳሌ 16 የኤክስኤልአር መውጫና ስድስት ማትሪክስ (የተቀላቀለው ድምፅ ለብቻው ተስተካክሎ የሚላክበት መስመር) አለው፤ ማትሪክሶቹ የየራሳቸው ፓራሜትሪክ ኢኳላይዘር አላቸው፣ መውጫዎቹም ላይ ለየብቻ ዲሌይ ይደረጋል። ዋናውን ግራና ቀኝ በቀጥታ፣ ሳብዉፈሩን በአንድ ማትሪክስ፣ የድንኳኑን አጋማሽ ስፒከሮች በሌላ ማትሪክስ ልኮ፣ ክሮስኦቨሩን ለሳብዉፈሩና ለስፒከሮቹ የራሳቸው ማጣሪያ ትቶ፣ ያለ ምንም ተጨማሪ ራክ ጥሩ ሥራ መሥራት ይቻላል። የሚጎድለው አንድ ነገር አለ፦ ሚክሰሩ የሚነካ ነው። እንግዳ ዲጄ ወይም የባንዱ ሰው ገብቶ ገጽ ሲቀያይር የተለካው ዲሌይ አብሮ ሊጠፋ ይችላል፤ ራክ ውስጥ ተቆልፎ የተቀመጠ ፕሮሰሰር ግን ሚክሰሩን ማንም ቢይዘው ሥራውን ይሠራል። በአናሎግ ሚክሰር ለሚሠራ ሰው ደግሞ ምርጫ የለውም፤ ዲሌይ የሚያገኘው ከፕሮሰሰር ብቻ ነው።

ሚኒዲኤስፒ 2×4 ኤችዲን የሚጠይቁኝ አሉ። ባለ ሁለት መግቢያና ባለ አራት መውጫ፣ ትንሽና ጎበዝ መሣሪያ ነው፤ መሰኪያዎቹ ግን የአርሲኤ እንጂ ሚዛናዊ (ገመዱ ከውጭ የሚስበውን ሁካታ የሚያጠፋ) የኤክስኤልአር አይደሉም። ለቤትና ለአነስተኛ ካፌ ይሆናል፣ ሠላሳ ሜትር ገመድ ከጄኔሬተርና ከመብራት ገመድ ጎን ለጎን ለሚጎተትበት ሥራ አይሆንም።

የመውጫ ብዛት ከባስ ጋር የሚገናኝበት ሌላ ጉዳይም አለ፤ እሱም ጎረቤት ነው። ውኃ ላይ ድምፅ ሩቅ ይሄዳል፤ ማታ ከውኃው በላይ ያለው አየር ከላይኛው ሲቀዘቅዝ ድምፁ ወደ ሰማይ ከመበተን ይልቅ ወደ ታች እየታጠፈ ይጓዛል። በሆቴሉ ክፍሎች የሚተኛ እንግዳ አለ፣ ከሐይቁ ማዶም ሰው አለ፣ ሌሊት የሚቆም ማሕሌት አለ። ሁለት ሳብዉፈር በተናጠል ዲሌይና ፖላሪቲ የሚታዘዙ ከሆነ ባሱን ወደ ኋላ እንዳይሄድ ማድረግ ይቻላል፦ አንዱ ሳብዉፈር ከሌላው አንድ ሜትር ወደ ኋላ ይቆማል፣ የኋለኛው ፖላሪቲ ይገለበጣል፣ ወደ 2.9 ሚሊ ሰከንድ ዲሌይም ይደረግለታል። ከኋላ ላለ ሰው ሁለቱ በአንድ ጊዜ ተቃራኒ ሆነው ስለሚደርሱ ይጠፋፋሉ፤ ከፊት ላለው ደግሞ 86 ኸርዝ አካባቢ ተደጋግፈው ይሰማሉ። ከሳብዉፈሮቹ በስተጀርባ ሄዶ ያዳመጠ ሰው ልዩነቱን ለማመን መለኪያ አያስፈልገውም። ሁለቱን ሳብዉፈሮች በአንድ ጥንድ መውጫ የሚያስተዳድር መሣሪያ ይህን አይሠራም፤ ዲሲኤክስ2496 እና ቬኑ360 ይሠራሉ። መድረኩን ወደ ሐይቁ፣ ጀርባውን ወደ ክፍሎቹ ለሚያደርግ ሆቴል ይህ ብቻውን የመሣሪያውን ዋጋ ያወጣል።

ከየትኛውም ምርጫ ጋር የሚመጣው ሹክሹክታ፣ ማለትም ከስፒከሩ የሚሰማው የ«ሽ» ድምፅ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የፕሮሰሰሩ አይደለም። ሰዎች የሚክሰሩን መውጫ ዝቅ አድርገው የስፒከሩን ኖብ ሙሉ ይከፍታሉ፤ ያኔ በመካከል ያለው የፕሮሰሰሩ የራሱ ድምፅ አብሮ ይጎላል። ከሚክሰሩ ጤናማ መጠን ተልኮ የፕሮሰሰሩ ሜትር በጩኸት ጊዜ ከጣሪያው ከ6 እስከ 10 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ ሲያነብ፣ የስፒከሩ ኖብ ደግሞ መካከል ላይ ሲሆን፣ ሹክሹክታው ይጠፋል። ጉርምርምታ ከሆነ ግን ስፒከሮቹና ሚክሰሩ ከተለያየ ሶኬት መብራት መውሰዳቸው መጀመሪያ መታየት አለበት።

መብራትን ካነሣሁ፣ ሲጠፋና ሲመጣ የሚሆነው ለአክቲቭ ሲስተም ልዩ ትኩረት ይፈልጋል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲበሩ ፕሮሰሰሩና ሚክሰሩ ሲነሡ የሚያሰሙት ጓ የሚል ድምፅ ቀድሞ በነቃው ስፒከር በኩል ይወጣል። ሚክሰሩና ፕሮሰሰሩ የሚወስዱት ኃይል ትንሽ ስለሆነ ለሁለቱ ብቻ አነስተኛ ዩፒኤስ ማድረግ ይበቃል፤ መብራት ቢጠፋ እነሱ ሳይጠፉ ይቆያሉ፣ ጄኔሬተሩ ሲነሣ የሚነሡት ስፒከሮቹ ብቻ ይሆናሉ። ስፒከሮቹን ከዚያው ዩፒኤስ ማገናኘት ግን አይገባም። መሣሪያው ከውጭ በሰው እጅ የመጣ ከሆነ ከኋላው የተጻፈውን ቮልቴጅ ማንበብ የግድ ነው፤ በ120 ቮልት ብቻ የሚሠራ ዕቃ በእኛ 220 ቮልት ላይ አንድ ጊዜ ከተሰካ አለቀለት። ሐይቁ ዳር መብራት ሲበራ የሚሰበሰበው ነፍሳትና የክረምቱ እርጥበትም ራኩ ውስጥ ስለሚገቡ፣ ራኩ ከፊትና ከኋላ ክዳን ያለው እንዲሆን፣ ከሥራ በኋላም ሳይደርቅ እንዳይዘጋ ማድረግ ጥሩ ነው።

ሁለተኛ እጅ ፕሮሰሰር የሚገዛ ሰው ሱቅ ውስጥ ዕቃው መብራቱን አይቶ ብቻ መክፈል የለበትም። አንድ ማይክ ወይም ስልክ፣ አንድ አክቲቭ ስፒከርና ሁለት ገመድ ይዞ ሄዶ እያንዳንዱን መግቢያና እያንዳንዱን መውጫ በተራ ማዳመጥ፣ በእያንዳንዱ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሹክሹክታውን ማነጻጸር፣ ሽፋኑ ከሞቀ በኋላም እንደገና መሞከር አለበት። ከዚያ መቆለፊያ ኮድ እንዳልተደረገበት አረጋግጦ፣ የቀድሞውን ባለቤት ማስተካከያ ሁሉ ወደ ፋብሪካው ልክ መልሶ፣ አንድ አዲስ ፕሪሴት አስቀምጦና መብራቱን አጥፍቶ አብርቶ፣ ያስቀመጠው በቦታው መኖሩን ማየት ነው።